የውባየሁ ልጅና የካዮቲው ቆዳ

ፍቅረማርያም አትላንታ አጠገብ ካለችው ማሪዬታ ወጣ ብሎ በገዛው ሦስት ኤከር መሬት ላይ አሥራ አራት ፍየሎች ነበሩት። የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ቀሩ። ሦስቱን ካዮቲ በላቸው። ካዮቲ የአሜሪካ ቀበሮ ነው፤ ከእኛው ቀበሮ ገዘፍ ያለ፣ ሰው አለ የለም ብሎ የማይጨነቅ፣ በአጥር ሽቦ ሥር ምሶ የሚገባ አውሬ።

ሦስተኛዋ ፍየል ልትወልድ የደረሰች ነበረች። ፍቅረማርያም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጠዋት ልጆቹን አድርሶ ሲመለስ አጥሩ ሥር ከፍየሏ የተረፈውን አየና ባርኔጣውን አውልቆ ቁጭ አለ። ቢሆንም ማማረር አይወድም። ሱዳን ውስጥ አምስት ዓመት በስደት የኖረ፣ አትላንታ ሲገባ የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ፣ ዛሬ የራሱ ቤትና የራሱ ሣር ያለው ሰው ምን ብሎ ያማርራል?

«ተመስገን ነው፤ አሥራ አንዱን ትቶልናል» አላት ሚስቱን አበዛሽን።

«አንተ ደግሞ ቀበሮንም ልታመሰግን ነው!» አለች። አበዛሽ ሮዝዌል ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን የምትንከባከብ፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት ናት። «ምስጋናውን አቆየውና መላ ፈልግ።»

መላው ከአጥር ማዶ መጣ። ጎረቤታቸው ሚስተር ቬርነን ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአንድ አሮጌ ፒክአፕና ጆሮው ከደነቆረ ውሻው ጋር ይኖራል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲጎራበቱ ከ«ሃይ» እና ከ«ዛሬ ይዘንባል?» ያለፈ ነገር ተጨዋውተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ባልዲ አንጠልጥሎ አጥሩ ጋ መጣ።

«የእኔንም ዶሮዎች ጨርሷቸዋል» አለ። «ወጥመዱ አለኝ፤ የመንግሥቱም ፈቃድ አለኝ። የቀረኝ ያንተ ፈቃድ ነው።»

ቬርነን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነበር። ወጥመዶቹን ከዛፍ ቅርፊት ጋር ቀቅሎ የብረትና የሰው ሽታቸውን አጥፍቷል፤ ያለ ጓንት አይነካቸውም። አውሬው ከማሰው ቦታ አጠገብ በእጅ አካፋ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ወጥመዱን አፉን ከፍቶ አስቀመጠበት፣ ከዚያ አፈሩን በወንፊት እየነፋ አለበሰው። ሲጨርስ መሬቱ ማንም ያልነካው መሰለ። ከጎኑ በነበረው ጉቶ ላይ ከትንሽ ጠርሙስ ሁለት ጠብታ የሚሸት ነገር አንጠባጠበ።

«ካዮቲ ዓይኑን አያምንም፤ አፍንጫውን ነው የሚያምነው» አለ። «በየጠዋቱ ቼክ እናደርጋለን። የተያዘ አውሬ ሲሰቃይ መዋል የለበትም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ፍቅረማርያምን ደስ አሰኘችው። ሰውየውን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደደው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተያዘ። ትልቅ ወንድ ካዮቲ ነበር፤ የክረምት ፀጉሩ ሞልቶ ጀርባው ላይ ግራጫ፣ አንገቱ ላይ ወርቅ የመሰለ። ቬርነን በአንዲት ጥይት ገላገለው። ፍቅረማርያም ከሥራ ሲመለስ አውሬው በኋላ እግሮቹ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ቬርነን ቢላ ይዞ ከፊቱ ቆሞ ነበር። ቢላዋ ትንቀጠቀጣለች። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜም ቆዳውን ሊቀድደው ሲል ተወው።

«ከሁለት ዓመት ወዲህ እጄ እምቢ ብሏል» አለ ወደ መሬት እያየ። «ማጥመዱን እችላለሁ። ይሄን ግን... ልቅበረው መሰለኝ። ይህን የመሰለ ቆዳ ይበሰብሳል።»

ፍቅረማርያም ሳያስበው እጁን ዘረጋ። «ይስጡኝ» አለ።

ቢላዋን ከያዘ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ጓንት አጠለቀና ከአንዱ ታፋ ወደ ሌላው ታፋ ሰነጠቀ፤ ከዚያ ቢላዋን በጥርሱ ነክሶ ያዘና በጡጫው በቆዳውና በሥጋው መካከል እየገባ ቁልቁል ገፈፈው። ቆዳው እንደ ሹራብ ተገልብጦ ወረደ። «ቢላ መክፈቻ ነው፤ መግፈፊያው ጡጫ ነው» የሚል የአባቱ ድምፅ ጆሮው ላይ ነበር። ጆሮዎቹ፣ የዓይኖቹ ቆብ፣ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ እንደገና ቢላዋን ያዘና በጫፏ ብቻ ፈለቀቃቸው። አንድም ቦታ አልተቀደደም። ቬርነን ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ያይ ነበር።

የፍቅረማርያም አባት ውባየሁ ደባት አጠገብ ባለች መንደር ቆዳ አልፊ ነበር። የመንደሩ ሰው ግን «አልፊ» አይልም፤ «ፋቂ» ነው የሚለው፤ ያውም ቃሉን እንደሚተፋ አድርጎ። መንደሩ የሚተኛበትን ቁርበት፣ የሚለብሰውን ደበሎ፣ እህል የሚጭንበትን ስልቻ የሠራው ውባየሁ ነው። ድግስ ሲሆን ግን ከደጅ ይቀመጣል፤ ጠላውንም ከቤቱ ይዞት በመጣው ቅል ይጠጣል። ለደብሩ ከበሮ ቆዳ የወጠረው እሱ ነበር። ከበሮው ቅኔ ማኅሌት ገባ፤ ውባየሁ ቅጥሩ ሥር ቀረ።

ፍቅረማርያም በሃያ ሁለት ዓመቱ የሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ሲደርስ የስደተኞች መዝጋቢው «የአባት ስም?» ብሎ ጠየቀው። ከኋላው የተሰለፉት የገዛ ወረዳው ሰዎች ነበሩ። «እንድርያስ» አለ። የጎረቤት ደብር አለቃ ስም ነበር። ስሙ ከመዝገቡ ወደ ቪዛው፣ ከቪዛው ወደ ግሪን ካርዱ ተሻገረ። አበዛሽ ስታገባው አበዛሽ እንድርያስ ሆነች። ልጃቸው የምስራች ብሩክሄቨን ውስጥ ፊዚካል ቴራፒስት ናት፤ ባጇ ላይ «ዶክተር እንድርያስ» ተብሎ ተጽፏል። የአበዛሽ ቤተሰቦች ዘር ቆጣሪዎች ነበሩ፤ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ይጠሩ ነበር። እሱ ደግሞ አንዱን ቤት ደብቆ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረ።

ያን ሰሞን በጠዋቱና በከሰዓቱ የአውቶቡስ ጉዞ መካከል ከጓሮው የዕቃ ቤት አይጠፋም ነበር። መፋቂያ ስላልነበረው የአሮጌ ሣር ማጨጃ ምላጭ ሞርዶ ሁለት እጀታ አበጀለት። ቆዳውን ግንድ ላይ ዘርግቶ ስቡን ፋቀ፣ ጨው ነሰነሰበት፣ ጨዉ ውሃውን መጥጦ ሲጨርስ አጠበው። ከዚያ ተልባ ወቅጦ ከአሬራ ጋር አቦካና የውስጡን ገጽ እየቀባ፣ እያጠፈ፣ እያሳደረ ደጋገመው። ሲጠነፍፍለት በእጁ እያሸ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ እየጎተተ አለፋው። ቆዳ ማልፋት ትዕግሥት ነው፤ እርጥቡን ከተዉት እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ እስኪደርቅ ካሹት ግን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። እጁ ሁሉን ያውቅ ነበር። አንድም ነገር አልረሳም። ፍቅረማርያም ይህን ሲያይ ደስታም ፍርሃትም ያዘው።

«ፍቅሬ፣ ሁለት ኪሎ ተልባ የት ገባ?» አለች አበዛሽ አንድ ቀን። «ተልባ ፍትፍት ልሠራ ነበር።»

«ለሚስተር ቬርነን ሰጠሁት። ለሆድ ጥሩ ነው ብለውት።»

«ቆዳ መፋቁንስ ከየት አመጣኸው?»

«እሱ አሳየኝ» አለ። ሁለቱም ውሸት ነበር።

የመጀመሪያው ቆዳ ሲያልቅ ተሸክሞ ቬርነን በረንዳ ላይ ወሰደው። ሽማግሌው ጭኑ ላይ ዘረጋው፤ የሚንቀጠቀጡት ጣቶቹ ፀጉሩ ውስጥ ገቡ።

«ስድሳ ዓመት ሳጠምድ እንዲህ የለፋ ቆዳ ነክቼ አላውቅም» አለ። «ማነው ያስተማረህ?»

«አባቴ።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። ፋቂ ስለሚባለው ቃል፣ ስለ ቅሉ፣ ስለ ደጁ፣ ስለ ቀየረው ስም በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሁሉንም ነገረው። ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር።

«ቆይ፣ እኛ ታነር የምንለው ቆዳ አልፊ ማለት አይደለም እንዴ?» አለ ቬርነን። «የሃይ ስኩል አሠልጣኜ ሚስተር ታነር ይባል ነበር። የቤተሰቡ ስም ነው። ድሮ ቆዳ የሚያለፋ ቅድመ አያት ነበራቸው ማለት ነው፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ በሥራው ይጠራሉ። የሱቃቸው ታፔላ ላይ ሳይቀር ጽፈውታል!»

ፍቅረማርያም በመጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መልኩን ቀየረበትና ፊቱን በእጅጌው ሸፈነ። ቬርነን ወደ መንገዱ ዞሮ የማያይ መሰለ። ለዚያም አመሰገነው።

ሁለተኛው ካዮቲ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ተያዘ። ቅዳሜ ነበር፤ ፍቅረማርያም ቆዳውን ግንድ ላይ ዘርግቶ ሲፍቅ ዳኛቸው ለገና ፍየል ሊመርጥ መጣ። ዳኛቸው በቤተ ክርስቲያን የሃያ ዓመት ወዳጁ፣ ባለበት ሁሉ ሳቅ የማይጠፋ ሰው ነው። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ከአበዛሽ ጋር እየተጨዋወተ ወደ ጓሮ ዞረ።

«ወይ ጉድ! ፍቅሬ፣ በስድሳ ዓመትህ ፋቂ ሆነህ ቀረህ?» አለ። ወደ አበዛሽም ዞሮ፣ «አቢ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብርጭቆውን ለብቻው አስቀምጪለት!»

እንዲህ ያለ ቀልድ ሲቀለድ ፍቅረማርያም በሕይወቱ ሙሉ አብሮ ስቋል። ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ አስበልጦ ይስቅ ነበር። ዛሬ ሳቁ አልመጣለትም።

«አልሆንኩም፤ ድሮም ነኝ» አለ መፋቂያውን ሳያስቀምጥ። «የፋቂ ልጅ ነኝ። አባቴ ውባየሁ ይባላል።»

ዳኛቸው ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አበዛሽን አየ፣ የመኪና ቁልፉን አየ፣ «እ... እደውላለሁ» ብሎ ፍየሉን ሳይመርጥ ሄደ።

አበዛሽ እንደቆመች ቀረች። «ውባየሁ ማነው?»

«አባቴ ነው።»

«እንድርያስስ?»

«የማላውቀው ሰው ነው።»

«የማታውቀውን ሰው ስም ነው ተሸክሜ የኖርኩት?» አለች፤ ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው።

አራት ቀን አላናገረችውም። በሁለተኛው ቀን ፍቅረማርያም ለራሱም ሳይታወቀው ምግቡን በወረቀት ሳህን መብላት፣ ውሃውን በወረቀት ኩባያ መጠጣት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። በአራተኛው ቀን አበዛሽ ከሥራ ስትመለስ የወረቀት ሳህኑን ከፊቱ አየችው። መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ሲገባት ሳህኑን ከነምግቡ አንስታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

«በእኔ ቤት!» አለች። «በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም! እኔ የተቆጣሁት ስለ ዋሸኸኝ ነው። አባትህ ቆዳ ስለፋቀ መሰለህ?» በራሷ ሳህን አቀረበችለትና ፊቱን ሳታይ ለልጇ ስልክ ደወለች።

የምስራች በነጋታው ከብሩክሄቨን መጣች። የአባቷን ወሬ ቆማ ሰማች።

«ዳዲ፣ ላይክ፣ ሚስጥሩ ይሄ ነው? ቆዳ መሥራት?» አለች። ከዚያ ግን ፊቷ ጠቆረ። «እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። አያቴን ደበቅከኝ። ፎቶ የለኝም። ስሙን እንኳን ለእኔ አላስቀረህልኝም።»

ፍቅረማርያም ወንበር ሳበላት።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለች፤ ከጎኑ ተቀመጠች።

ነገራት። ቆዳውን በጣቱ ዳብሶ ፍየሏ ስንት ጊዜ እንደ ወለደች የሚያውቅ ሰው ነበር። ሲሠራ ያንጎራጉራል። ልጁ ሱዳን ሊሄድ ሲነሳ ድንበር ድረስ የሚያደርስ ጫማ ከበሬ ቆዳ ሰፋለት፤ እስከ መንደሩ ዳር ሸኘውና እዚያ ቆመ። «ስሜን ሲጠይቁህ ሌላ ስም ጥራ» አለው። «እኔ አልቀየምህም። ሰው የምትሆንበት አገር ግባ፤ ለእኔ ይበቃኛል።»

«እሱ ነው በል ያለኝ» አለ ፍቅረማርያም። «እኔ ታዘዝኩት። ባልታዘዘው ይሻል ነበር።»

አበዛሽ ከበሩ ጋ ቆማ ስትሰማ ነበር። «የምስራች በተወለደች ዓመት ሦስት ቀን እህል አልቀመስክም» አለች ቀስ ብላ። «ምን ሆንክ ስልህ፣ አንድ የአገሬ ሰው ሞተ አልከኝ። እሱ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ብቻህን አለቀስክ።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በዚያ ቀን፣ አይታው ለማታውቀው አማቷ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ አለቀሰችለት። ፍቅረማርያምም አብሯት አለቀሰ፤ የምስራች በሁለቱ መካከል ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

በማግስቱ አበዛሽ ወደ ዕቃ ቤቱ በጎድጓዳ ሳህን የተወቀጠ ተልባ ይዛ ገባች። «ያንተን አየሁት፤ ገና ግማሹ ፍሬ ነው። ተልባ እንዲህ ልሞ ነው የሚወቀጠው» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ይሸታል።»

«ይሸታል» አላት።

«ያዝ በል፣ ቶሎ እንጨርሰው።» የቆዳውን አንድ ጫፍ ይዛ ሳበች። ጥቂት ሠርተው፣ «ተዝካሩስ?» አለች። «ማን አወጣለት?»

ማንም አላወጣለትም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ አወጡለት። ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ፤ «ወልደ ሚካኤል» አለ ፍቅረማርያም፤ ለምን እስከ ዛሬ እንደ ዘገየም ሳይደብቅ ነገራቸው። ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ አዳመጡት።

«ሐዋርያው ጴጥሮስ ኢዮጴ በነበረ ጊዜ ያረፈው በማን ቤት ነው?» አሉት። «በስምዖን ቤት። ስምዖን ደግሞ ምን ነበር? ቁርበት ፋቂ። እንግዲህ ሐዋርያው ያልተጠየፈውን እኛ የተጠየፍን ማን ሆነን ነው?»

ጸሎቱ ላይ «ወልደ ሚካኤል» ሲባል ፍቅረማርያም ቀና አለ። ቅጥር ሥር ይቀር የነበረው አባቱ፣ ከመቅደሱ ውስጥ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ተጠራ። «ተመስገን» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲደረደር ዳኛቸው ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ላቡን እየጠረገ ቀረበ። «ለሳቅ ነበር ያልኩት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ለሳቅም አይባልም ነበር።» ምግብ ሲቀርብም ከፍቅረማርያም ሳህን ላይ ጠቅልሎ አጎረሰው፤ በአገሩ ልማድ አንድ ጉርሻ ስለሚያጣላ ሁለተኛውንም ደገመው። ቬርነን በጥቁር ሱፍ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ካልሲው ላይ ቀዳዳ እንዳለ ሳይታወቀው ተቀምጦ ነበር። የምስራች አጠገቡ ሆና ምግቡን ታቀርብለታለች። እጁ ቢንቀጠቀጥም ሽሮውን እስከ መጨረሻው ጨረሰው፤ ከዚያ አበዛሽን ስለ አዘገጃጀቱ ይጠይቃት ጀመር። ፍቅረማርያም ከሩቅ አያቸው። ካዮቲው ባይመጣ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብሎ አሰበ፤ ሦስቱ ፍየሎችም አላሳዘኑትም።

ሲወጡ አበዛሽ መኪናውን አስነስታ ትጠብቀው ነበር። ፓርኪንጉ ዳር አቶ ፊሊሞን ቆመው አያቸው። አቶ ፊሊሞን የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሰው ጋር ብዙ የማይቀራረቡ ሰው ናቸው። እጁን ያዙና ወደ ጎን ሳብ አደረጉት።

«አቶ ፍቅረማርያም» አሉ፤ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ያንን ጸሎት ስሰማ... የእሷን ተዝካር እኔም ላወጣላት ፈለግሁ። ግን ብቻዬን ማውጣቱን እንጃ።»

«ብቻዎን አያወጡትም» አላቸው። «ይንገሩኝ፤ ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?»

አቶ ፊሊሞን ስለ እናታቸው መናገር ጀመሩ። አበዛሽ በመስኮቱ አየቻቸው፤ ቁልፉን አዙራ ሞተሩን አጠፋች።